ሁለቱ ኩባያዎች

ጋምቤላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለኛኩዎል ኮንግ
ጅማ

ልጄ፣ ደብዳቤ ሲጀመር ጤና መጠየቅ ደንብ መሆኑን አውቃለሁ። አንቺ ግን ነርስ ልትሆኚ የሄድሽ ሰው ስለሆንሽ የራስሽን ጤና ራስሽ መርምረሽ ጻፊልኝ። የእኔን ከጠየቅሽ፣ ጉልበቴ እየደከመ ነው እንጂ ምላሴ አንድም ቀን ታሞ አያውቅም። እናትሽ ኛዴንግ አለች። ስትሄጂ ጥጃ የነበረችው ነጭ ጊደር ወልዳለች። እናትሽ ያንቺን ስም እየጠራች ስለምታልባት ላሚቱ ስሙን የራሷ አድርጋዋለች፤ አሁን በግቢያችን “ኛኩዎል” ብሎ የተጣራውን ሁሉ ላም ትከተለዋለች።

ከተማችንም አለች። ክልል ከሆንን ወዲህ ስብሰባው በዝቷል። አብረውኝ መረብ ይጎትቱ የነበሩ ሰዎች ቦርሳ ይዘው ሲያልፉ “ቾል፣ አሁን ጊዜ የለኝም” ይሉኛል። ኃላፊ ሳንሆን የቀረነው እኔና የባሮ አዞ ብቻ ነን፤ እሱንም ሰሞኑን አላየሁትም፣ ሳይሾም አልቀረም። እኔ እንደ ድሮዬ ከሳኒ ሱቅ አልወጣሁም። ጆንያ አወርዳለሁ፣ አማርኛ ለማይችሉ ገዢዎች አስተረጉማለሁ፣ ገዢ ሲጠፋ ስኳር የሚጠቀለልበትን አሮጌ ጋዜጣ አነባለሁ። ማንበብ የተማርኩት በሱ ስለሆነ ከዓለም ወሬ ግማሹን ብቻ ነው የማውቀው፤ ግማሹ ከስኳሩ ጋር ሄዷል።

ቀልዱን ያስቀደምኩት የሚቀጥለው ስለከበደኝ ነው። የሳኒ የጭነት መኪና ነገ ጠዋት ወደ ጅማ ይነሳል። ሾፌሩን ይህን ወረቀት በእጅሽ ሳይሰጥና መልስሽን ሳይቀበል እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቢው። መሃል ላይ ተናደሽ ከቀደድሽው አንቺም እንደ እኔ ግማሽ ወሬ ይዘሽ ትቀሪያለሽ።

ለአባትሽ፣ ለወንድሜ የላክሽውን ደብዳቤ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ? ከቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ መረብ እየጠገነ ነበር። ከጅማ መሆኑን ስነግረው መረቡን አስቀምጦ እጁን በጭኑ ላይ ጠረገ፤ የሚያነበው እሱ ይመስል።

“አንብብ፣ የእናቴ ልጅ” አለኝ።

ሰላምታውን አሳምሬ አነበብኩ። ከዚያ ያ መስመር መጣ። ዘለልኩትና ስለ ጅማ ዝናብ ከራሴ አውጥቼ ጨመርኩበት።

“ቾል፣ ድምፅህ አነከሰ” አለኝ። “የዘለልከውን ተመልሰህ አንብብ።”

“ምንም አልዘለልኩም። ጅማ ዝናቡ ከባድ ነው ትላለች።”

“ልጄ ስለ ዝናብ ለማውራት ወረቀት አታባክንም።”

እንግዲህ አነበብኩለት። “ከወንድሜ ገዳይ ጋር ከአንድ ኩባያ ጠጥተህ ከሆነ ጋትሏክን ለሁለተኛ ጊዜ ገድለኸዋል። እኔ ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም” የሚለውን። እንደ ድሮው ኮንግ ቢሆን ወረቀቱንም እኔንም አንድ ላይ ባሮ ውስጥ ይወረውረን ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለና ፊደል ሳያውቅ ብዙ አየው።

“ጋትሏክ የሚለው የትኛው ነው?”

አሳየሁት። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። “በደንብ ጽፋዋለች” አለ። ወደ መረቡ ተመለሰ፤ ግን ያን ቀን አንድም የመረብ ዓይን አልቋጠረም።

ይህን የምነግርሽ ላስለቅስሽ አይደለም። አንቺ ወሬውን የሰማሽው ከመንገደኛ ነው፤ እኔ ግን እዚያው ነበርኩና ከእኔ ስሚው።

ጋትሏክ ሲሞት አንቺ ትንሽ ነበርሽ። ውኃው በጎደለበት ወቅት ከጓደኛው ከቢየል ጋር ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተው በታንኳ ምክንያት ተጣሉ፤ ቢየል የዓሣ ጦር በእጁ ይዞ ነበር። ጠዋት ሁለቱ አብረው ነበር እየዘፈኑ የወረዱት፤ ማታ አንዱ ብቻ ነበር የቆመው። ቢየል ታሰረ፤ መንግሥት ሲለወጥ በግርግሩ ወጥቶ ወደ ሱዳን ተሻገረ። ዘመዶቹ የደም ካሣ የሚሆን ከብት እየነዱ መጥተው ነበር። አባትሽ አንዱንም ሳያይ መለሳቸው። “ልጄ በሬ ነበር እንዴ?” አላቸው። ከብቱን ስላልተቀበለ እርቅ አልሆነም፤ እርቅ ስላልሆነ ወጉ እንዳለ ጸና። በመካከላቸው ደም ያለ ሰዎች ከአንድ ዕቃ አይበሉም፣ አይጠጡም። የጠጣ ይሞታል። ይህን አንቺም እኔም ከእናት ጡት ጋር ያገኘነው ነው።

ከዚያ በኋላ አባትሽ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በዚያ ቤት ያደግሽው አንቺ ታውቂያለሽ። የቢየል አጎት በድልድዩ ማዶ ስለሚኖር ድልድዩን መርገጥ ተወ። የቢየል እናት የኛጋይ ውሻ በደጃችን ካለፈ በድንጋይ አሳዶ ግማሽ ከተማ ያደርሰው ነበር። ሳኒን ስኳር አጎደልክ ብሎ በገበያ መሃል ሌባ አለው። እናትሽ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት ስትገባ እኔና እሱ ከውጭ ከማንጎው ሥር ተቀምጠን በመዝሙሩ እናሾፍ ነበር። እኔ የማሾፈው ለጨዋታ ነበር፤ እሱ ግን ከልቡ ነበር።

አንቺ ጅማ በገባሽበት ሰሞን ነው ነገሩ የተጀመረው። አንድ እሑድ ወንጌላዊ ኦጆት ስለ ስቅለት ሲሰብክ አባትሽ ከማንጎው ሥር ድንገት ተነሣ፣ በመስኮቱ ራሱን አስገባና ጮኸ።

“አንተ ሰውዬ! ልጁ ሲገደል አባቱ የት ነበር?”

ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ኦጆት መጽሐፉን አስቀመጠ።

“እዚያው ነበር። ያይ ነበር” አለው።

“ታዲያ ኃይል ካለው በልጁ ደም ማንን ገደለ?”

“ማንንም አልገደለም።”

“ዝም አለ?”

“ዝም አላለም። ገዳዮቹን ወደ ማዕዱ ጠራቸው።”

አባትሽ ራሱን ከመስኮቱ አውጥቶ መንገድ ጀመረ። “የማይረባ አባት ነው” አለኝ። “አዎ” አልኩት። በማግስቱ መረብ ስንጥልም “የማይረባ አባት ነው” አለኝ። በሳምንቱም እንደዚሁ። ሰው የማይረባውን ነገር ለምን በየቀኑ እንደሚያነሣ ያኔ አልገባኝም። ወራት ሙሉ ሲያኝከው ከረመ። አንድ ጠዋት ታንኳው ላይ ሳለን መቅዘፉን አቆመ። “ቾል፣ እኔም እኮ በመስኮቱ የሰደብኩት ሰው ነኝ” አለኝ። “ገዳዮቹን ከጠራ እኔንም ጠርቶኛል ማለት ነው።” እኔ ዓሣው እያመለጠን ነው አልኩት። በዚያው ሰሞን ባሮ ወርዶ ተጠመቀ። ልብሱን ይዤለት ዳር የቆምኩት እኔ ነኝ፤ “ሳሙና ላምጣልህ ወይ?” እያልኩ።

አንቺ የተቆጣሽው በማታውቂው ሰው ላይ ነው፣ ልጄ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ኮንግ አላየሽውም። መጀመሪያ ያደረገው ሳኒ ሱቅ መምጣት ነበር፤ ያውም በገበያ ቀን። “ሳኒ፣ በሰው ፊት ሌባ ብዬሃለሁ፤ በሰው ፊት ይቅር በለኝ” አለው። ሳኒ ሚዛኑን ለቆ ወደ እኔ መጣና በጆሮዬ “ወላሂ ቾል፣ ወንድምህ ታሟል። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰደው” አለኝ። እናትሽ ደግሞ “ሲቆጣ ነው የማውቀው፤ አሁን ዓሣው ጣፈጠኝ ሲለኝ የሰው ባል ቤቴ የገባ ይመስለኛል” ትላለች።

እኔም አላስችል ብሎኝ ጠየቅሁት። “ያ ሁሉ ቁጣህ የት ሄደ?”

“ጠዋት ስነሣ እፈልገዋለሁ። የለም።”

“በደንብ ፈልግ እንጂ፤ ከምትተኛበት ቁርበት ሥር ገብቶ ይሆናል።”

ሳቀ። ኮንግ ሳቀ፣ ልጄ! ከጋትሏክ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። “እንዳትሳሳት፤ ሐዘኑ አለ” አለኝ። “ጌታ ሐዘኑን አልወሰደብኝም። ቁጣውን ነው የወሰደልኝ።”

ባለፈው ክረምት ቢየል ከሱዳን ተመለሰ። እሱም በስደት ሳለ አምኖ ኖሯል፤ እናቱን ኛጋይን ይዞ ወደዚያው ጸሎት ቤት መጣ። ሽማግሌዎቹን ፍርሃት ያዛቸው። የጌታ እራት ሲሆን ኩባያው አንድ ነው፤ እየዞረ ሁሉም ከሱ ይጠጣል። ቢየልን አትምጣ ማለት አይችሉም፣ ኮንግን አትምጣ ማለትም አይችሉም። ተመካክረው ኩባያው ሁለት ይሁን አሉ። የእኛ ዘመዶች በግራ በኩል ይቀመጡ፣ አንዱ ኩባያ ለነሱ ይዙር፤ የቢየል ዘመዶች በቀኝ ይቀመጡ፣ ሌላው ለነሱ ይዙር። ሁለተኛውን ኩባያ ከሳኒ ሱቅ የመረጥኩት እኔ ነኝ። የፊተኛው ሰማያዊ ስለነበር ማንም እንዳይሳሳት ቀይ አበባ ያለበትን አነሣሁ። “ጸሎት ቤቱም ሁለት ወረዳ ሆነ” ብዬ ሽማግሌዎቹን አሳቅኋቸው። እነሱም እኔም ጥሩ ዘዴ መስሎን ነበር። አባትሽ ኩባያዎቹን እያየ ዝም ይል ነበር። ለመደው ብለን አሰብን።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ እሑድ እኔም ገባሁ፤ ለመዝሙሩ ሳይሆን ከውጭ ዝናብ ስለነበር ነው። ወይን እዚህ ስለማይገኝ ቀዩን የከርከዴ አበባ አፍልተው ያቀርባሉ። ኦጆት ሰማያዊውን ኩባያ ለአባትሽ ዘረጋለት። አባትሽ አልተቀበለም።

“ይህ የማን ነው?”

“ያንተ ነው፣ አባባ ኮንግ።”

“ያኛውስ?”

ኦጆት መሬት መሬት አየ።

“በመስኮት ስጠይቅህ ስንት ማዕድ ነው ያልከኝ?” አለው አባትሽ።

ከዚያ ዱላውን ይዞ ተነሣ። በመሃል ያለው መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ለእኔ ግን ባሮን በክረምት ሙላት የሚሻገር መሰለኝ። ቢየል ቀዩን ኩባያ ይዞ ነበር። አባትሽ ከፊቱ ሲቆም ኩባያውን ደረቱ ላይ ሰበሰበው።

“አባባ፣ ተው! ትሞታለህ!”

“ስጠኝ፣ ልጄ።”

“ልጄ አትበለኝ። አይገባኝም።”

“ለእኔም አይገባም ነበር” አለው አባትሽ። “ስጠኝ።”

ከርከዴው በቢየል ጣቶች ላይ ፈሰሰ። አባትሽ እጁን ከነኩባያው ይዞ ጠጣ፤ ከዚያ ኩባያውን ወደ ቢየል አፍ አቀረበለት። ቢየል ጠጣ። ኛጋይ ጮኸች። እናትሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ወንድምሽ ኒካው ከእኔ ጎን ተቀምጦ ነበር፤ ተነሣና “ዛሬ አባቴንም ቀበርኩ” ብሎ በዝናቡ ወጣ።

እኔ? እኔ ቀልድ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአባትሽ ጋር አልበላሁም። ከደመኛ ጋር ከጠጣ ሰው ጋር የበላም ያው ነው ይላል ወጉ፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ከልጅነታችን ጀምሮ ከአንድ ቅል የጠጣን ሰዎች ነን። እናትሽ ዓሣ ታቀርባለች፣ እሱ እጁን ታጥቦ ይጠብቀኛል፣ እኔ “ጠግቤያለሁ” እላለሁ። ሆዴ ሲጮህ ሁለታችንም እንሰማዋለን። “ሆድህ ሊመሰክርብህ ነው” ይለኛል። ድሮ የማሾፈው እኔ ነበርኩ። ተቆጥቶ “ብላ!” ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፤ አይቆጣም። ሳህኑን መሃላችን ትቶት ብቻውን በሱ በኩል ይበላል፤ በእኔ በኩል ያለውን አይነካም። እናትሽ ሳህኑን ስታነሣ ግማሽ ዓሣ እንዳለ ይመለሳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኒካው ወደ ኢታንግ፣ ወደ እናትሽ ወንድሞች ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ያን ሲጎለምስ የተሰጠውን በሬውን በክላሽ ለወጠ የሚል ወሬ መጣ። ያን በሬ! ስሙን በበሬው ያስጠራ የነበረ ልጅ፣ ማታ ማታ ሲዘፍንለት ከተማው የሚሰማው ልጅ። እንደሰማሁ በመኪና ላይ ተንጠልጥዬ ኢታንግ ሄድኩ። ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ በጨርቅ ሲወለውል አገኘሁት።

“ይህ በሬህ አንድ ቀንድ ብቻ ነው ያለው?” አልኩት።

ፊቱን አላነሣም። “አጎቴ፣ ዛሬ አታስቀኝም።”

“ሣር ይበላል?”

“አጎቴ፣ በቃ።”

“አባትህ...” ብዬ ስጀምር “አባቴ ሞቷል። ሰው የሚጠብቀው መቼ እንደሚወድቅ ብቻ ነው” አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ የጋትሏክ ዓይን ነው፤ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። “ኛኩዎል ‘ወንድ ቀርቷል ወይ?’ ብላ ልካብኛለች” አለኝ። “የማቆመው እሷ አቁም ካለችኝ ነው። ካንተ አልሰማም፣ ከሌላም አልሰማም።”

እኔ “አላለችም” አልኩት። ብለሽ ከሆነም አልጠይቅሽም። ጋትሏክ በትከሻው ተሸክሞ ውኃ ያሻግር የነበረው አንቺን ነው። ያዘነ ሰው አፉ የሚለውን አይመዝንም። ግን አንቺ ያልሽው ቃል ጅማ አልቀረም፣ ልጄ። እዚህ ደርሶ ጥይት ጎርሷል።

ከኢታንግ ስመለስ ያልሄድኩበት የለም። የጎሳ ሽማግሌዎቹ “ወጉን ያፈረሰው አባቱ ራሱ ነው፤ በፈረሰ ወግ ምን እናድርግ?” አሉኝ። ኦጆት እጄን ይዞ “እንጸልይ” አለ። ሳኒ “ዱዓ አደርጋለሁ” አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ። ቢየልን ሽሽ አልኩት። “እናቴን ይዤ የት ልሽሽ? ደግሞ አሁን ከሸሸሁ እሱ የጠጣው በከንቱ ሆነ” አለኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ሲጣላ መሃል ገብቼ አንድ ነገር ጣል አድርጌ አስቄ ነው የለየሁት። ሌላ መሣሪያ አልያዝኩም። ይኸው የማይሳቅበት ነገር መጣ።

አባትሽ ይህን ሁሉ ሲሰማ ምን ያደረገ ይመስልሻል? ዱላውን ይዞ ኛጋይ ግቢ ሄደና በሩ ላይ ተቀመጠ። ቀን እዚያው ይውላል። ሲመሽ እዚያው በሩ ላይ ይተኛል።

“አንተ ሞኝ፣ ምን ልትሆን ነው?” አልኩት።

“ኒካው ከመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። አባቱን ሲያይ እጁ ይዘገያል። እኔ የምፈልገው እሱን መዘግየት ብቻ ነው።”

“ካልዘገየስ?”

ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። “እንግዲያው ንገርልኝ” አለኝ። “ገና ሳያደርገው ይቅር ብዬዋለሁ በለው። እኔ ለመናገር ጊዜ ላይኖረኝ ይችላል።”

ልጄ፣ ይህን ሰው አላውቀውም። የእናቴ ልጅ ነው፣ አፍንጫው የአባታችን ነው፣ ግን አላውቀውም። የድሮው ኮንግ ቢሆን መላ አውቅለት ነበር፤ ቁጣውን አሳልፈው ነበር። ምሕረቱን ግን በምን ላስጥለው?

ከትናንት በስቲያ ወባ ጣለው። ከተማው ሁሉ “ይኸው! ወጉ ደረሰበት” አለ። በየዓመቱ በዚህ ወቅት የሚጥለው ያው ወባ ነው። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ ንገሪያቸው፣ ትንኝ ወግ ታውቃለች እንዴ? ቤትህ እንውሰድህ ስንለው የኛጋይን የበር ቋሚ በሁለት እጁ ይዞ አልነሣም አለ። ቢየል አቅፎ ወደ ውስጥ አስገባውና በራሱ ቁርበት ላይ አስተኛው። ክሎሮኪን ፍለጋም የሮጠው እሱ ነው። እናትሽ መጣች። መጀመሪያ ደጃፉን ሳትረግጥ ብዙ ቆመች፤ ከዚያ ገባች። አሁን እሷና ኛጋይ በራስጌው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አይነጋገሩም፤ ግን በውኃ የተነከረውን ጨርቅ ይቀባበላሉ።

በትኩሳቱ መሃል “ለኛኩዎል ጻፍላት” አለኝ። “ምን ልበላት?” አልኩት። “አባት የለኝም ብትልም እኔ ሴት ልጅ አለችኝ በላት” አለኝ። የላከው ይህን ብቻ ነው። እንዳለ ጽፌልሻለሁ፤ ምንም አልዘለልኩም።

ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠና “በሩ ላይ ማን አለ?” አለ። እናትሽ ወደ እኔ አየች። ኛጋይም አየችኝ። “ቾል አለ” አልኩ። “እንግዲያው ልተኛ” ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስለዚህ ይህን የምጽፍልሽ ከቢየል በር ላይ ሆኜ ነው። ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ነው፤ ፊደሉ ከተንጋደደብሽ ለዚያ ነው። ጀግና ሆኜ እንዳይመስልሽ። አልተጠመቅሁም። ቢየልንም ይቅር አላልኩም፤ በአጠገቤ ሲያልፍ ዛሬም እጁን ነው የማየው። እዚህ የተቀመጥኩት አባትሽ “በሩ ላይ ማን አለ?” ሲል የሚመልስለት ሰው እንዳይጠፋ ብቻ ነው። ኛጋይ በቅል ውኃ አምጥታ ከአጠገቤ አስቀምጣ ገብታለች፤ አልነካሁትም። ፀሐዩ የምታውቂው የጋምቤላ ፀሐይ ነው፤ ከንፈሬ ተሰንጥቋል። ሳኒ ሚሪንዳ ልኮልኛል። ወጉ ሲወጣ ጠርሙስ ስላልነበረ ጠርሙስ አይከለከልም ብዬ ራሴ ፈረድኩ።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ለኒካው “አቁም” ብለሽ ጻፊለት። ከአንቺ ካልሆነ አይሰማም። እኔ ኢታንግ ድረስ ወስጄ አነብለታለሁ፤ ድምፄ አያነክስም። መምጣት ከቻልሽማ በዚያው መኪና ነይ። አባትሽን ይቅር በይ አልልሽም፣ ቢየልንም አልልሽም። እኔ ራሴ ያልቻልኩትን እንዴት ልዘዝሽ? ሰውየውን ቀርበሽ እዪው ብቻ ነው የምልሽ። ካየሽው በኋላ ብትቆጪም ተቆጪ።

መልስሽ እስኪመጣ ድረስ ቀኑ ረጅም ነው። ትናንት ከባሮ በኩል ባለው መንገድ ረጅም ወጣት ትከሻው ላይ ነገር ይዞ ሲመጣ አይቼ ተነሣሁ። መቅዘፊያ የያዘ ዓሣ አጥማጅ ነበር። “ቾል፣ ምነው አላበህ?” ብሎኝ አለፈ። ኒካው ሲመጣ የምለውን ላዘጋጅ ብዬ ስንቱን ቀልድ አሰብኩ፤ አንዱም አያስቅም። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ሲል የአባትሽን አምላክ አናገርኩት። “በመዝሙርህ ያሾፍኩት ቾል ነኝ” አልኩት፣ ከሌላ ሰው ጋር እንዳያምታታኝ። “አንተ ልጅህ ሲሞት ቆመህ ያየህ አባት ነህ። እኔ ያን ያህል አልችልም። ይህን ልጅ ከመንገድ መልስልን። ካልመለስከውም ሲመጣ እግሬን ያዝልኝ፣ እንዳልሮጥ።”

መልስ አልሰማሁም። ብዙ ጠበቅሁ፤ የሚሰማው ከውስጥ የአባትሽ ትንፋሽና የሁለቱ ሴቶች ዝምታ ብቻ ነው። ፀሐዩ ዞሮ ጥላው ከእኔ ሸሽቷል። እኔ ግን ከበሩ አልተነሣሁም።

ያሳደገሽ ውኃ አይርሳሽ፣ ልጄ። እጅሽ የነካው በሽተኛ ይዳን። መንገድሽን የአባትሽ አምላክ ይጠብቅ፤ እኔ ገና በደንብ አላውቀውም፣ እሱ ግን አንቺን የሚያውቅሽ ይመስለኛል።

የሚወድሽ አጎትሽ
ቾል
ከኛጋይ ግቢ፣ በሩ ላይ